ኬላ ላይ ያጣላን ቅጠል

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ የቤት በር ጭኖ ወደ ውጫሌ መስመር ሲወጣ አየሁ። አዲስ በር ነው፤ የቀለሙ ሽታ እኔ ካለሁበት ይደርሳል። ባለቤቱ እንዳይወድቅበት እንደ ሙሽራ አቅፎት ከኋላ ተቀምጧል። ሰውየው ቤት እየሠራ ነው፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የነበረችው ጎረቤቴ፣ "ሀዋ፣ ምን ሆንሽ? ውሃ ላምጣልሽ?" ብትለኝ፣ "አይ፣ ፀሐዩ ነው" አልኳት። ፀሐዩ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጦርነቱ አደጋ መጀመሪያ የገባኝ እንዲሁ በባጃጅ በተጫነ በር ነው።

ያን ጊዜም ጥቅምት ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ ልጆቻችን መኪና ላይ ወጥተው የጨፈሩበት ጊዜ ገና ከዓይናችን ሳይጠፋ የጦርነት ወሬ ተተካ። ወሬውንም ለምደነው ነበር። "እዚያ ደረሱ፣ ከዚህ ተመለሱ" ሲባል እየሰማን እንሸጣለን፣ እንገዛለን፤ ሰው ክፉ ወሬን እንደ ሐይቁ ንፋስ ይለምደዋል። እኔም ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ኑጌን ዘርግቼ፣ ወንፊቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከውጫሌ በኩል ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ሲወርድ አየሁ፤ ልቤ አልደነገጠም። ሰው ፍየሎቹን እየነዳ ሲወርድ አየሁ፤ "ይመለሳሉ" አልኩ። ከዚያ አንድ ባጃጅ መጣ። አሮጌ ሰማያዊ በር ጣሪያው ላይ ታስሯል፤ ቁልፉ ከነክሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ፍራሹን ያሸሸ ሰው ይመለሳል። በሩን ነቅሎ የሄደ ሰው ግን የሚዘጋው ቤት አልቀረውም ማለት ነው። "ያ አላህ፣ ዘምዘም!" ብዬ ተነሳሁ። ልጄ ያ በር ከመጣበት አገር ነበረች።

ዘምዘም አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ነው የሞተው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ አልሄድኩም፤ ኑግ እየነፋሁ፣ እየሸጥኩ ነው ያስተማርኳት። የኑግ ነጋዴ መከራው መጭ ነው። መጭ የኑግ ዘመድ የሆነ አረም ነው፤ ኑጉ መሀል በቅሎ፣ ቢጫ አበባውን እንደ ኑጉ አብቦ፣ ፍሬውን ከኑጉ ጋር ያፈሳል። መጭ የበዛበት ኑግ የገዛ ሰው ሁለተኛ ወዳንቺ አይመለስም። ልጄ ያደገችው ሰፌድ ሥር ተቀምጣ መጭ ስትለቅም ነው። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋ ላይ ስትደርስ ምን ብታጠና ጥሩ ነው? ኑግና መጭ!

"ሰው ከመጭ ሊያመልጥ ይማራል፤ አንቺ ተምረሽ ተምረሽ ወደ መጭ ተመለስሽ?" አልኳት።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቁጭ ብላ አስረድታኛለች። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርግ፣ ዓይን የማያየው፣ ክሎሮፕላስት የሚሉት ነገር አለ፤ ከፀሐይ ምግብ የሚያበስል፣ የቅጠሉ ጓዳ በይው አለችኝ። ይህ ጓዳ የራሱ ጽሑፍ አለው። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ግን ከመቶ ሺህ በላይ ሆነው ይደረደራሉ። የሷ ሥራ የኑጉን ጽሑፍ ከመጩና ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የት የት ላይ እንደተለያየ መፈለግ ነው። ቁርአን ቤት ሸኹ የሁለት ደረሳ ሉህ አጠገብ ላጠገብ አድርገው እንደሚያርሙት ማለት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

"ጽሑፉን ከማን ይወርሳል?" አልኳት።

"ከእናቱ። ከእናቱ ብቻ።"

"አባትየውስ?"

"አባትየው የለበትም፣ እማ።"

"እንግዲያው የኔና ያንቺ ቤት ነው በይኛ!" ብያት እስክናነባ ሳቅን።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የግሸን ማርያም ተጓዦች ወርደው ሳያልቁ፣ እሷ ቅጠል ልትሰበስብ ወደ አምባሰል ወጣች። ጦርነቱ ገና ሩቅ ነው ይባል ነበር። ያረፈችው ከእማማ ታየች ዘንድ ነው። እማማ ታየች የቄስ ሚስት ናቸው፤ ለዓመታት ኑግ የምገዛው ከሳቸው ነው። "አሥር ቀን ብቻ ነው፣ እማ" ብላኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ስልኩ ተቋረጠ፤ በዘጠነኛው ያ በር መጣ።

ወንፊቴን እንኳ አላነሳሁም። የሚወጣ መኪና ጠፍቶ ስንከራተት፣ ሰው ሊያመጣ ባዶውን የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አገኘሁ። ረዳቱ አየት አደረገኝና፣ "እናቴ፣ አገር ሁሉ ሲወርድ አንቺ የት ነው የምትወጪው?" አለኝ።

"ልጄ አምባሰል ላይ ናት።"

"ግቢ እንግዲያው። ወንበሩ ሁሉ ያንቺ ነው።"

ከውጫሌ እስከ እማማ ታየች መንደር የሁለት ሰዓት ዳገት ነው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ አልክደውም። በሬ ሲዋጋ ካየሁ በሌላ ሰፈር ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። ያን ቀን ግን ፍርሃቴ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ገፋኝ። ከማዶ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይመጣል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ የጥቅምት ሰማይ ነው፣ የዳመና ዘር የለበትም። ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው። ኑግ እንደዚያ ዓመት አምሮ አይቼ አላውቅም፤ ንቡ ይጮሃል፣ ሰው የለም።

ዘምዘምን ያገኘኋት ማሳ መሀል ቁጢጥ ብላ፣ ቅጠል እየቆረጠች በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ነው።

"እማ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ልቀብርሽ!" አልኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቃል ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነበር።

"ሦስት ቅጠል ብቻ ነው የቀረኝ።"

"መድፉ አይሰማሽም?"

"መድፍ? እማማ ታየች መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ እያፈነዱ ነው ብለውኝ እኮ ነው።"

ለካ አሮጊቷ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ብለው ነው የዋሿት። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ቤት ስንደርስ፣ እማማ ታየች የባቄላ እሸት በሳህን አቀረቡልን። "አልበላም" ብል የሚሰሙ አይደሉም። ያ እሸት ጣፋጭ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን ሳልበላው በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ። ዘምዘም ቅጠሏን የምታደርቀው፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት እንደሚገኘው ባለ ነጭ ጠጠር ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል። እማማ ታየች ደግሞ ማዳበሪያ መስሏቸው፣ ዩሪያ ነው ብለው፣ አንድ እፍኝ ጎመናቸው ሥር በትነውታል። "ጎመኑ አልወፈረም እንጂ አልሞተም" አሉኝ፣ በዚያ ጭንቅ መሀል።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ውጫሌ ላይ አንዲት ሴት፣ "ኬላው ላይ ጽሑፍና ቁጥር የያዘ ሰው አያልፍም፤ ሰላይ በዝቷል" ስትል ሰምቼ ነበር። የዘምዘም ደብተር ደግሞ ቁጥር በቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቅጠል በዚፕ በሚዘጋ ላስቲክ ከነጠጠሩ ተቀምጦ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ስልኳ የሚነግራትን ቦታና ከፍታ ጽፋለች። እማማ ታየች ዘንድ የከረመ፣ ያልወሰድኩት ሩብ ጆንያ ኑግ ነበረኝ። የኑግ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር ሲኖረው የት ይደብቃል? ዘምዘም ፊቷን ስትታጠብ ላስቲኮቹንና ደብተሩን ኑጉ ሆድ ውስጥ ቀብሬ አፉን ሰፋሁት። "ቅጠሎቼስ?" ስትለኝ፣ "ይዣለሁ፣ ቅደሚ!" አልኳት።

"አንቱም ይምጡ፣ እማማ ታየች" አልኳቸው።

"ቄሱ ታቦቱን ጥሎ አይሄድም፤ እኔም ቄሱን። ሂዱ፣ እመቤቴ ማርያም ትከተላችሁ።"

"አሚን። እናንተንም አላህ ይጠብቃችሁ።"

"አሜን" አሉና ፊታቸውን ወደ ጎመኑ መለሱ።

ጆንያውን በጀርባዬ አዝዬ ወረድን። ውጫሌ ላይ ሰው እንደ እህል የተጫነበት የጭነት መኪና አግኝተን ወጣን። ወደ ሐይቅ ስንወርድ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ ቆመን። ኬላ ነው። የአካባቢው ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ጠብመንጃ የያዙ ሽማግሌ ሚሊሻም አብረዋቸው አሉ። "ሁሉም ይውረድ፣ ጓዙም ይውረድ!" ተባለ። አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ጎረምሳ ጆንያ መውጊያ ብረት ይዟል፤ እኛ ነጋዴዎች ከጆንያ ናሙና የምናወጣበት ጎድጓዳው ሹል። ጆንያ ለመፈተሽ የቆመ ሰው ዘንድ ጆንያ ውስጥ ደብቄ መጣሁ! ወጋው። ጥቁሩ ኑግ ሲፈስ ነጭ ጠጠር አብሮ ወጣ፤ አንዱ ላስቲክ ተቀዶ ኖሯል።

"እትዬ፣ ኑግሽ ጥርስ አበቀለ?" አለ ጎረምሳው።

ጆንያው ተዘረገፈ። ላስቲኮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ ደብተሩ። ዘምዘም እዚያ ውስጥ መሆናቸውን አላወቀችም ነበርና ክው አለች፤ ድንጋጤዋ ደግሞ የጥፋተኛ ድንጋጤ መሰለ።

"ደብተሩ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ይሄ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ምንድን ነው?"

"ከፍታ ነው።"

"የምን ከፍታ? ለማን ነው የለካሽለት?"

"ተክሎቹ የበቀሉበት ነው። የክሎሮፕላስት ጂኖም ልዩነታቸውን…"

"ኮድ ነው" አለ ከኋላ የቆመው ጓደኛው። ልጄ ለዓመታት የተማረችው ቃል ሁሉ በዚያች ሰዓት ገመድ ሆኖ አንገቷ ላይ ሲጠመጠም ታየኝ።

አብረውን የተጫኑት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት ሴት፣ "ኧረ ከኑግ የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል፤ እኛንም አታስወቅጡን!" አለች። ጎረምሳው፣ "መኪናው ይሂድ። እናትየዋም ትሂድ። ልጅቱ ወደ ላይ ትወሰድ" አለ። ወደ ላይ ማለት የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ሰሞን አንዲትን ልጅ ማን ነሽ ብሎ ረጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ጊዜውም አልነበረም። የጎረምሳው እግር ላይ ወደቅኩ። "ወላሂ ቅጠል ነው፣ ልጄ! የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰደኝ!" ስለው፣ "ቅጠል ከሆነ ለምን ተደበቀ?" አለኝ። ያልተደበቀ ቢሆን ኖሮ ቅጠል ነበር።

ይሄኔ ሽማግሌው ሚሊሻ ቀረብ አሉ። ልጆቹ አያ ሰይድ ይሏቸዋል። እግራቸው የገበሬ እግር ነው፤ ተረከዛቸው እንደ ጥቅምት መሬት ተሰነጣጥቋል።

"የምን ቅጠል ነው?" አሉኝ።

"ኑግና መጭ ነው፣ አያ ሰይድ።"

"መጭ?" አሉና ወደ ልጆቹ ዞሩ። "እኛ ነቅለን መጣል ያቃተንን መጭ በቦርሳ ይዛ የምትዞር ሴት መጣች!" ሳቅ ያሉ ነበሩ፤ ጎረምሳው ግን አልሳቀም።

"ውሸት ነው። የደረቀ ቅጠል ሁሉ አንድ ነው፤ ማን ይለየዋል?"

"እኔ እለየዋለሁ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።"

አያ ሰይድ አንዱን ላስቲክ ከፍተው፣ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ቅጠሉን እጄ ላይ አደረጉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቅጠሉን ታችኛው ከንፈሬ ላይ አደረግኩት። ኑግ ቢሻክርም ልስላሴ አለው፤ መጭ እንደ ድመት ምላስ ነው፣ ይፍቃል።

"መጭ።"

ጎረምሳው ደብተሩን አየ። "መጭ ነው የሚለው" አለ፣ ሳይወድ።

"ኑግ።" ልክ ሆነ። "ይሄም ኑግ።" ልክ ሆነ። መኪናው አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ያያል። አራተኛው መጣ፤ ከንፈሬን ፋቀው።

"መጭ።"

"አሥራ ሰባት" አለ ጎረምሳው፤ ድምፁ ከፍ አለ። "አሥራ ሰባት ኑግ ነው የሚለው! ተያዙ!"

ዓይኔን ገለጥኩ። እንግዲህ እዚያ ላይ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጠብመንጃውን ረሳሁት፣ ጎረምሳውን ረሳሁት፣ ወደ ልጄ ዞርኩና፣ "አሥራ ሰባትን ኑግ ያልሽው አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"ኑግ ነዋ!"

"መጭ ነው!"

"እማ፣ አበባውን አይቻለሁ! ከነአበባው ነው የቆረጥኩት!"

"አበባ አይተሽ? ሰፌድ ሥር ያሳደግኩሽ አበባ አይተሽ ኑግ እንድትይ ነው? ንኪውማ! ከንፈርሽ ላይ አድርጊው!"

"በከንፈር የሚሠራ ጥናት የለም!"

"ለዚህ ነዋ የተሳሳትሽው!"

አያ ሰይድ ጠብመንጃቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ልቀቋቸው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ሰላይ ቢሆኑ ኖሮ ተስማምተው ነበር የሚመጡት። ሞት ደጃፍ ላይ ቆመው በመጭ የሚጣሉ እናትና ልጅ ምን ሊሰልሉ ይችላሉ?" ያቺ "አታስወቅጡን" ያለችው ሴት ራሷ ሳቀች። ጎረምሳው ደብተሩን ጥቂት አገላበጠና ለዘምዘም መለሰላት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥሬ ኑጉን ማፈስ ጀመረ። የወጋውን ቀዳዳ በገዛ ሻርፑ ክር አሰረልኝ። "ይቅርታ እናቴ፤ ቀኑ ነው" አለኝ። ቀኑ ነበር፣ እውነቱን ነው። አያ ሰይድ መኪናው ሲነሳ፣ "ያ ነጭ ጠጠር ለሽንኩርት ይሆናል?" ብለው ጮኹ። "አይሆንም፣ ጎመን ላይ ተሞክሯል!" አልኳቸው።

ስለዚያ ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር እዚሁ ላይ ልጨርሰው። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ ጽሑፉ ሲነበብ የመጭ ሆኖ ተገኘ። አበባው ኑግ የመሰለው፣ ንብ የኑጉን የአበባ ብናኝ ወስዳ መጭ ላይ አሳርፋው የተወለደ ድብልቅ ስለሆነ ነው። አባቱ ኑግ፣ እናቱ መጭ። ጓዳው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የእናት ነው። ዘምዘም ይህን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ ድምጿ ላይ ሽንፈትም ደስታም ነበረበት። "ግን አንቺም ግማሹን ብቻ ነው ያወቅሽው" አለችኝ። ግማሹ ይበቃኛል።

ከኬላው በኋላ ሐይቅን ስናልፍ ቤቴን ከመኪናው ላይ ሆኜ አየሁት፤ አልወረድኩም። ማሽላ እሸት የሚጠብሱ ሰዎች መንገድ ዳር ነበሩ፤ አንዱ ሁለት ራስ ወደ ላይ ወረወረልንና ከማናውቀው ሰው ጋር ተካፍለን በላን። ያኛውን እሸት ጨረስኩት። ደሴ ላይ ሰው መቆሚያ አጥቶ ነበር። ኮምቦልቻ አደርን፤ እዚያም ወሬው ከኋላ ከኋላችን መጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብረ ብርሃን የአጎቴ ልጅ ሉባባ ዘንድ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሉባባ ትኩስ አጥሚት በብርጭቆ እየሰጠችን፣ "ሀዋ፣ ከቤትሽ ምን ይዘሽ ወጣሽ?" ብትለኝ፣ "ቅጠል" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። ዘምዘም ላስቲኮቿን ወለሉ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ ጆንያው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጭ ብዬ አየሁት። ብርጭቆው እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

አሁን ወደ ሐይቅ ተመልሼ ኑጌን እነፋለሁ። እማማ ታየችና ቄሱ ተርፈዋል። ያልተረፉ ግን ብዙ ናቸው፤ የነሱን እናቶች ገበያ ላይ ሳገኛቸው የራሴን መዳን ጮክ ብዬ ማውራት ያሳፍረኛል። ስለዚህ ነው ልጻፈው ያልኩት፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። ፍርሃቱም ቢሆን አልለቀቀኝም። ድንገት ይመጣል። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ዘምዘም ጋ እደውላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሆና በሹክሹክታ "እማ፣ ደህና ነሽ?" ትለኛለች። የምመልሰው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ እውነትም ስለሆነ አይሰለቸኝም። "ወጥተናል እኮ፣ ልጄ። ሁለታችንም ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ።"